ክራርን በኢንተርኔት ማስተማር

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ መምህራን ሥራቸውን ወደ ስልክና ኮምፒዩተር አዛወሩ። የሒሳብ መምህር የሚቸገረው መስመሩ ሲቆራረጥ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ መምህር ግን መስመሩ ደህና ሆኖም ይቸገራል። ለምን?

ምክንያቱ የድምፅ መዘግየት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ሦስት ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ መምህርና ተማሪ ከመቶኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሰማማሉ። በኢንተርኔት ግን ድምፁ ሄዶ እስኪደርስ ከአሥረኛ ሰከንድ በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው። ይህ ለወሬ ምንም አይደል፤ ለምት ግን ብዙ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። አሜሪካ ለምትኖር የ12 ዓመት ልጅ ክራር ሳስተምር፣ እኔ እያጨበጨብሁ እሷ ትመታ ነበር። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትቀራለች። «ምት ጠብቂ እንጂ!» እያልሁ ስቆጣት ልጅቷ ክራሩን ልትተወው ደረሰች። እናቷ «እስቲ ብቻዋን ስትጫወት ቀድቼ ልላክልዎት» አሉኝ። ብሰማው ምቷ ልክ ነው! ለካ ጭብጨባዬ ዘግይቶ ይደርሳታል፤ የእሷም ድምፅ ዘግይቶ ይመለስልኛል። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

1ኛ/ አብሮ መጫወት ይቅር። መምህሩ አጭር ሐረግ ተጫውቶ ዝም ይበል፤ ተማሪው ይመልስ። ምቱን ተማሪው ራሱ በእግሩ ይቁጠር።

2ኛ/ ትምህርቱ በመቃኘት ይጀመር። መምህሩ መቃኛውን ሊያዞርለት አይችልምና፣ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺ ሆዬ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ያሰማው፤ ተማሪው በጆሮው ያስተካክል።

3ኛ/ ካሜራው ፊት ላይ ብቻ አያነጣጥር። የማይፈለጉትን ክሮች የሚያፍኑት የግራ እጅ ጣቶች ይታዩ።

4ኛ/ ለንግግር የተሠሩ ፕሮግራሞች የመሣሪያን ድምፅ እንደ ሁካታ ቆጥረው ሊያጠፉት ይችላሉ። ዙም ላይ ይህን የሚያስቀር «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባል ማስተካከያ አለ።

5ኛ/ ስለ ምት የሚሰጥ እርማት ተማሪው ቀድቶ በላከው ድምፅ ላይ ይመሥረት።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ተማሪውን «አትችልም» ከማለታችን በፊት ድምፁ በምን መንገድ እንደ ደረሰን እንመርምር። መስመር ቢበላሽ ይጠገናል፤ የልጅ ልብ ከተሰበረ ግን መጠገኑ ከባድ ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ አንድ ክር ብቻ ያለውን ማሲንቆ በዚህ መንገድ ስናስተምር ካሜራው የት ቢቀመጥ ይሻላል? ለምን?