ለጎሽ፥ ለዝሆንና ለአንበሳ የሚበቃ ጠበንጃ ስለ መምረጥ

ጎሽ ወይም ዝሆን እርሻ ሲያጠፋ፥ አንበሳም ከብት ወይም ሰው ሲነጥቅ፥ ሕዝቡ አቤት የሚለው ወደ ሹሙ ነው። ሹሙም ከዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ተቀብሎ ተኳሽ ሲልክ፥ በሰውየው እጅ ያለው መሣሪያ ለአውሬው የሚበቃ መኾኑን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። የማይበቃ ጥይት አውሬውን ያቈስለዋል እንጂ አይገድለውም። የቈሰለ ጎሽ ደግሞ ወደ ጥሻ ገብቶ፥ የመጣበትን ዱካ ወደሚያይበት ዞሮ ይቆማል። በዚያን ጊዜ በሞት አፋፍ ላይ የሚገኘው ተኳሹ ብቻ አይደለም፤ በማግስቱ እንጨት ለመልቀምና ውሃ ለመቅዳት የሚወጣውም ጭምር ነው። ስለዚህ የጠበንጃ ምርጫ የአዳኞች ወግ ብቻ ሳይኾን ሕዝብን የመጠበቅ ሥራ ነው።

አንደኛ፥ ስለ አረሩ ኀይል። የአረር ኀይል የሚታወቀው በክብደቱና በፍጥነቱ ሲኾን፥ መለኪያው ጁል ይባላል። ዛሬ በየገጠሩ በብዛት የሚገኘው ክላሽንኮቭ 8 ግራም ያኽል የሚመዝን አረር ይተኩሳል፤ ኀይሉም ከ2,000 ጁል እምብዛም አያልፍም። ባለ 7.9 ሚሊሜትሩ ማውዘር 3,600 ጁል ገደማ ይደርሳል። ኹለቱም የተሠሩት ለጦር ሜዳ ነው። ኮርማ ጎሽ ግን ከ600 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ወንዱ ዝሆንም እስከ 5,000 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

በእንግሊዝ አገር፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. የወጣው ባለ 9.5 ሚሊሜትር የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ጥይት፥ 19 ግራም ተኩል ያኽል የሚመዝን አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ያኽል ይሰዳል፤ ኀይሉም 5,700 ጁል ገደማ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ባለ 10.6 ሚሊሜትር ሪግቢ ከዚህ ይበልጣል። የዚምባብዌ ሕግ ለዝሆን፥ ለጎሽና ለጉማሬ የሚያዘው ጠበንጃ ስፋቱ ከ9.2 ሚሊሜትር፥ ኀይሉም ከ5,300 ጁል እንዳያንስ ወስኗል። ለአንበሳ የወሰነው 7 ሚሊሜትርና 4,300 ጁል ነው። በሌላ መሣሪያ ጥይት በማብዛት ይህን መተካት ይቻላል የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ በጡንቻና በአጥንት ውስጥ የቀሩ ዐሥር አረሮች ወደ ልብ የደረሰ አንድ አረር አይኾኑምና።

ኹለተኛ፥ ስለ አረሩ ዐይነት። አንበሳና ነብር ሥጋቸው ለስላሳ ስለ ኾነ፥ አፍንጫው እርሳስ የኾነና ገብቶ የሚሰፋ አረር ይስማማቸዋል። ለዝሆን ግን የማይሰፋና የማይሰበር፥ አፍንጫው ደንባራ፥ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ወይም ኹለንተናው ናስ ወይም መዳብ የኾነ አረር ያስፈልጋል። ለጎሽ ብዙ አዳኞች መዠመሪያ ጠንክሮ የተሠራ የሚሰፋ አረር፥ ቀጥሎ የማይሰፋውን ያጐርሳሉ። ሹሉ የጦር አረር ከሥጋ ሲገባ ተገልብጦ መንገዱን ይስታል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ሦስተኛ፥ ስለ ሚመታው ስፍራ። ጢስ የሌለው ባሩድ ከመገኘቱ በፊት የዝሆን አዳኞች ከ100 ግራም በላይ የሚመዝን የእርሳስ አረር የሚተኩሱበት ጊዜ ነበር፤ ቢኾንም ብዙ ዝሆን ቈስሎ ያመልጣቸው ነበር። በአንጻሩ ስኮትላንዳዊው ቤል፥ በምዕራብ ኢትዮጵያም ጭምር ሲያድን የኖረው፥ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል፤ ብዙዎቹንም የገደለው በ7 ሚሊሜትር ማውዘር ነው። ምስጢሩ በጠበንጃው ማነስ አልነበረም። የሞተውን ዝሆን ራስ ሰንጥቆ አንጐሉ ከወዴት እንዳለ ተምሮ ነበር፤ የማይሰፋ ረዥም አረርም ይመርጥ ነበር። የዝሆን አንጐል እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በበዛበት አጥንት ተከቦ ወደ ኋላና ወደ ታች ያለ ስለ ኾነ፥ ይህን ያላወቀ ተኳሽ ግንባሩን ቢመታ በከንቱ ነው። የጎሽም ልብ በፊት እግሮቹ መካከል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በጐን ለቆመ ጎሽ የፊት እግሩን መስመር ይዞ ከደረቱ ሥር ሲሦ ያኽል ከፍ አድርጎ ማለም ይገባል። የቤልን ጥበብ ሳይዙ የቤልን ጠበንጃ መያዝ ግን ሞትን መጥራት ነው።

አራተኛ፥ ስለ ተኳሹ። ጠበንጃ በኀይሉ መጠን ትከሻን ወደ ኋላ ይገፋል። ግፊቱን ፈርቶ ምላጩን ሲስብ ዐይኑን የሚጨፍን ሰው፥ ባለ 12 ሚሊሜትር ጠበንጃ ቢሰጡትም ይስታል። እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከተወሰነው ኀይል በታች የኾነውን ኹሉ መተው፥ ከዚያ በላይ ካሉት ደግሞ ሰውየው ሳይፈራ በትክክል የሚመታበትን መምረጥ።

ከዚህ በላይ ከተጻፈው የተነሣ ሹማምንት ቀጥሎ ያለውን ይፈጽሙ።

፩ኛ፤ አስቀድሞ በጩኸት፥ በእሳትና በአጥር አውሬውን ማባረር ይሞከር፤ መግደል የመጨረሻው መንገድ ነውና።

፪ኛ፤ ክላሽንኮቭ የያዘ ሚሊሺያ ወይም ገበሬ ጎሽና ዝሆን እንዲገድል አይታዘዝ።

፫ኛ፤ የሚላከው ተኳሽ በዚያው ጠበንጃና በዚያው ጥይት ዐላማ ሲመታ በዐይን ይታይ፤ ብቻውንም አይላክ።

፬ኛ፤ አውሬ ቈስሎ ቢያመልጥ ወሬው በዚያው ቀን ለአካባቢው መንደር ኹሉ ይነገር፤ ፍለጋውም ሳይመሽ፥ ሙያ ባላቸው ሰዎች ይደረግ እንጂ ነገሩ ተትቶ አይቅር።

የሚበቃ መሣሪያና የተማረ ተኳሽ እስኪገኝ መታገሥ ጥቂት ማሳ ሊያስጠፋ ይችላል፤ የጠፋ እህል በሚመጣው ክረምት ይዘራል። በማይበቃ መሣሪያ ተልኮ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።