የዲዛይን ዲግሪ፣ ዕዳውና ደመወዙ
(ከሂሳብ ትምህርት ክፍል፤ ለመቶኛና ለወለድ ምዕራፍ ማጠናከሪያ)



አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ታዲያ ለትምህርት መበደርስ ከዚህ ይቆጠራል ወይ? ይህን ጥያቄ ያመጣችው ቨርጂኒያ የምትኖረው አክስቴ ናት። ልጇ ግራፊክ ዲዛይን ለመማር አንድ የግል ኮሌጅ ተቀብሏታል። በአራት ዓመት 80,000 ዶላር መበደር ያስፈልጋታል ተብሏል። አክስቴ በዋስነት እንድትፈርም ስትጠየቅ ደወለችልኝና «አንተ ልጅ፣ መምህር ልትሆን አይደል? እስቲ አስላልኝ» አለችኝ። ያሰላሁትን እነሆ፤ ለክፍል ትምህርትም ይሆናል።

1. ብድሩ
በአሜሪካ በወላጅ የሚደገፍ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ጣሪያ አለው፦ አንደኛ ዓመት 5,500፣ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት 7,500፣ 7,500 ዶላር። ሲደመር 27,000 ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን 53,000 ከግል አበዳሪ መውሰድ ነው። ዋስ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ መክፈል ቢያቅታት ዕዳው ወደ አክስቴ ይዞራል ማለት ነው።

2. ወለዱ
የመንግሥቱ ብድር ወለድ በ2025–26 እ.ኤ.አ. 6.39 በመቶ ነበር። የግል አበዳሪ ወለድ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። እኛ ለስሌት እንዲቀል ሁሉንም 6 በመቶ፣ የመክፈያውንም ጊዜ 10 ዓመት (120 ወር) እንያዝ።

27,000 ዶላር፦ በወር 300 ገደማ፤ በጠቅላላው 36,000 ገደማ።
80,000 ዶላር፦ በወር 888 ገደማ፤ በጠቅላላው 106,600 ገደማ።

ልብ በሉ! የሁለተኛው ወለድ ብቻ 26,600 ነው፤ የመጀመሪያውን ብድር ሊያህል ምንም አልቀረውም። በመጀመሪያው ወር ብንመለከት 80,000 × 0.06 ÷ 12 = 400። ስለዚህ ከከፈለችው 888 ውስጥ 400ው ለወለድ ሄዶ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 488 ብቻ ነው።

3. ደመወዙ
በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መሠረት በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የግራፊክ ዲዛይነሮች ሚዲያን የዓመት ደመወዝ 61,300 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ሚዲያን ማለት ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ ያገኛል ማለት እንጂ ጀማሪ የሚቀጠርበት ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ ለጀማሪ 42,000፣ ማለትም በወር 3,500 ብለን እንገምት። ግብሩ ገና አልተቀነሰም።

300 ÷ 3,500 = 8.6 በመቶ
888 ÷ 3,500 = 25.4 በመቶ

የመጀመሪያው ይከብዳል፣ ግን ይቻላል። ሁለተኛው ከደመወዟ ሩቡን ይወስዳል፤ ከቀሪው ግብር፣ የቤት ኪራይና ምግብ ሊወጣ ነው። በብዙ መካሪዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ «ጠቅላላ ዕዳህ ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዝህ አይብለጥ» የሚል ነው። 27,000 ያልፋል፤ 80,000 ይወድቃል።

4. ታዲያ ዲዛይን አትማር ነው?
አይደለም! ስሌቱ የመዘነው የብድሩን መጠን እንጂ የሙያውን ክብር አይደለም። ዲዛይነርን የሚቀጥር ሰው ከዲፕሎማው እኩል፣ አንዳንዴም አስቀድሞ፣ የሠራቻቸውን ሥራዎች አሳዪኝ ይላል። ሁለት ዓመት እቤቷ ሆና በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብትዛወር ዕዳዋን በ27,000 ውስጥ ለመያዝ ትችላለች።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዝም አለች። ቀጥላም «ልጄን ሕልምሽን ተዪ ልበላት?» አለችኝ። እኔም «ሕልሙን ሳይሆን መንገዱን ለውጪ በያት» አልኳት። ልጅቱ ለጊዜው አኩርፋለች፤ አክስቴም አልፈረመችም። ማኩረፏ እኔንም ከንክኖኛል፤ ቢሆንም 120 ወር ከማዘን የአንድ ወር ኩርፊያ ይሻላል።

5. ወደ አገራችን ስንመለስ
በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ድርሻውን እንዲመልስ ወስኖ ነበር። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ይህ ከገቢ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ያኛው ግን ባሰላነው የ10 ዓመት አከፋፈል ገቢ ቢቀንስም የወሩ ክፍያ ያው ነው። ነገ በየክፍላችን ቆመን ተማሪ «ምን ልማር?» ሲለን ምኞቱን ሳንነቅፍ እርሳስና ወረቀት እናስይዘው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ አንድ ተመራቂ 30,000 ብር የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት እንበል። ወለድ ሳይታሰብ፣ ከ8,000 ብር ደመወዙ 10 በመቶ ቢከፍል በስንት ወር ይጨርሳል? ደመወዙ በግማሽ ቢቀንስስ? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ በሳጥኑ ክተቱ።