የመጠጥ ሱስ መድኃኒት በስንት ሰዓት?

አንድ መምህር አለ እንበል። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ ጠመኔ የያዘ እጁ ይንቀጠቀጣል። ባልደረቦቹ አዝነውለት ቅዳሜ ጠዋት ቤት ይዘጉበትና «ሁለት ቀን ከመጠጥ ከራቀ ይለቀዋል» ይላሉ። ሐሳባቸው ደግ ነው፤ ስሌታቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም አደጋው የሚጀምረው በእነዚያው ሁለት ቀኖች ውስጥ ነው።

መጠጡ በተቋረጠ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያጋጥም ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ ዲያዜፓምና መሰሎቹ የሚሰጡት በዚሁ መጀመሪያ ላይ፣ ሐኪም እያየ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥም እየተቀነሱ ይቆማሉ፤ ለወራት ከቀጠሉማ ሌላ ሱስ መትከል ነው። ቫይታሚን ቢ-1ም የራሱ ተራ አለው፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ወይም አብሮት መሰጠት አለበት። ሰውነት ግሉኮሱን ሲያቃጥል የቀረችውን ጥቂት ቢ-1 ይጨርስና አንጎል ይጎዳል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚያወራለት «መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን» እንምጣ። ስሙ ዳይሰልፊራም ነው። የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ሃልድና ያኮብሰን ለሆድ ትል መድኃኒት ይሆናል ብለው ሲሞክሩት፣ ራሳቸው ውጠውት መጠጥ ሲቀምሱ ታመሙ። ነገሩን አጥንተው በ1948 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

የሳይንስ ክፍል ሠልጣኞች ምክንያቱን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ጉበት አልኮልን መጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ኮምጣጤ ውስጥ ወዳለው አሲድ ይለውጠዋል። ዳይሰልፊራም ሁለተኛውን ኤንዛይም ያሰናክላል፤ መርዛማው አሴታልዴሃይድም ይከማቻል። ፊት ይግላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሲጠና ነፍስ ያጠፋል። እንግዲህ ሰዓቱ እዚህ ላይ ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ማለፍ አለበት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆውን ያስቀመጠ ሰው፣ ቢቸኩል ቢቸኩል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይውጥም። ሲያቆምም እንደዚሁ ነው። የተሰናከለው ኤንዛይም ተመልሶ አይነሣም፤ ሰውነት አዲስ መሥራት አለበት። «ማክሰኞ አልዋጥኩም፣ ረቡዕ ጠላ እጠጣለሁ» ብሎ ነገር የለም፤ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊጥል ይችላል። አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕ እንኳ ሊያሳምም ይችላል።

ታዲያ ኪኒኑን ፈጭታ በባሏ ቡና ውስጥ የምትጨምር ሚስት ምን እያደረገች ነው? ፍቅር ነው ትላለች፤ እኔ ግን ወጥመድ ነው እላለሁ። ሰውየው ሳያውቅ ጠጅ ቤት ይገባል፣ እዚያው ይወድቃል፤ የሚያነሣውም ሰው ምን እንደነካው አያውቅም። ይህ መድኃኒት የሚሰጠው አውቆ ለተስማማ ብቻ ነው።

ናልትሬክሶን ደግሞ ሌላ ፀባይ አለው። የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል እንጂ አያሳምምም፤ ስለዚህ ገና እየጠጣ ያለ ሰውም ሊጀምረው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊግራም ነው። በሌላ አሠራር ከመጠጣት አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በኋላ ቢዋጥ ግን ደስታው ቀድሞት ሄዷል። የዚህ መድኃኒት አደጋው ከትራማዶል፣ ከኮዴይንና ከሞርፊን ጋር ነው። እነዚህን ሲወስድ የቆየ ሰው ከ7 እስከ 10 ቀን መጠበቅ አለበት፤ ያለዚያ ከባድ የማቋረጥ ሕመም በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። አካምፕሮሴት የሚባለው መጠጥ ከቆመ በኋላ ይጀመራል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጣል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው አስቀድሞ ይመርመር።

ሁሉም መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ይገኛል ማለቴ አይደለም። ያም ሆነ ይህ ባልደረባችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ጤና ባለሙያው የሚጠይቃችሁን መልስ ያዙ፤ መጨረሻ የጠጣው በስንት ሰዓት ነው? በቀን ምን ያህል ይጠጣል? ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ ያውቃል? ሌላስ ምን ኪኒን ይወስዳል?