የመርሳት በሽታ ያለባቸውን በሥራ ስለ መርዳት

አንድ ሽማግሌ የልጆቹ ስም ሲጠፋው፥ ከደጅ ወጥቶ መመለሻውን ሲስት፥ «ጃጀ» ብለን እናልፈዋለን። ሐኪሞች ግን ነገሩ የዕድሜ ግዴታ ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑን ያስረዳሉ። ከመርሳት በሽታዎች መካከል በብዛት የሚታየው፥ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው። ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲያው ምን ይደረጋል? ኦኪውፔሽናል ቴራፒ የተባለው ሙያ ሕመምተኛውን በዕለት ሥራው በኩል ይረዳዋል። ሥራ ሲባል ግን የደመወዝ ሥራ ብቻ አይምሰለን፤ መታጠብም፥ ልብስ መልበስም፥ አበባ ማጠጣትም ሥራ ነው።

ባለሙያው ወደ ሕመምተኛው ቤት ይሄዳል። በመጀመሪያም ሕመምተኛውን «ምን ሥራ ትወዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አስታማሚውንም ለብቻው ያነጋግራል። ለምሳሌ ሻይ ማፍላት ያቃታቸው አንዲት አሮጊት አሉ እንበል። ችግሩ ከእጃቸው ላይሆን ይችላል፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ጠፍቷቸው ነው እንጂ። እጅ የለመደው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትናንት ወሬ ይልቅ ቈይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ሲኒው ከሚታይበት ስፍራ ይቀመጣል፤ የማያስፈልገው ዕቃ ይነሣል፤ በቁም ሣጥኑ መዝጊያ ላይ ጽሑፍ ይለጠፋል። አስታማሚውም አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ መታገሥን ይማራል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ከፍቅርም ከችኰላም የተነሣ ሥራውን ከእጃቸው መንጠቅ ይቀላልና።

በሆላንድ አገር በኒሜኸን ከተማ ሞድ ግራፍና ባልደረቦቿ ይህን ዘዴ በ135 ሕመምተኞችና በአስታማሚዎቻቸው ላይ ፈተኑት። ግማሾቹ በ5 ሳምንት ውስጥ 10 ጊዜ ተጐበኙ። በ2006 ዓ.ም. በታተመው ውጤት፥ ከ6 ሳምንት በኋላ ከተጐበኙት ሕመምተኞች ከመቶ 84ቱ ሥራን በቅደም ተከተል በማከናወን ተሻሽለው ተገኙ፤ ካልተጐበኙት ግን 9ኙ ብቻ ነበሩ። ከአስታማሚዎችም «እችላለሁ» የሚል ስሜት የጨመረላቸው ከመቶ 58 ሲሆኑ፥ በሌላው ወገን 18 ነበሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም በሆነ ነበር። ነገር ግን በጀርመን ተደግሞ በ2011 ዓ.ም. ሲገለጽ፥ 10ሩ ጕብኝት ከአንድ ቀን ምክር የበለጠ ጥቅም አላሳየም። በእንግሊዝ አገርም በ468 ጥንዶች ላይ ተፈትኖ በ2021 ዓ.ም. የወጣው ውጤት፥ ከተለመደው እንክብካቤ ልዩነት እንደሌለው አመለከተ።

ይህ የኒሜኸኑን ሥራ ከንቱ አያደርገውም ባይ ነኝ። ኪኒን በየሄደበት አንድ ኪኒን ነው፤ ይህ ሕክምና ግን የባለሙያው ብልሃት፥ የቤቱ ኹኔታና የአስታማሚው ትዕግሥት ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው። ሰውየው ሳይጐበኝም ያገኘው የነበረው እርዳታ ብዙ ከሆነ፥ የተጨመረው በሚዛን ላይ ላይታይ ይችላል። ሻይ ለማፍላት አብሮት የሚቆም ሰው የሌለው ሕመምተኛ ግን ከሦስቱም ጥናቶች ውጭ ነው፤ ሦስቱም የተቀበሉት ከአስታማሚው ጋር የመጣውን ነበርና።