ሞተሩ ሲሻሻል ጂግለሩም ይለወጥ
በባለ ሁለት ምት ሞተር ካርቡራተር ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

ከማኅበራችን አባላት መካከል በሳምንት መጨረሻ በበረሃው ዳር በሚገኙ የባለ አራት ጎማ ሞተርሳይክል ጋራዦች እየሠሩ የኪሳቸውን ወጪ የሚሸፍኑ ጥቂቶች አይደሉም። ከነዚህ ወንድሞች በተደጋጋሚ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ማርሚታው ተለውጦ፣ የአየር ማጣሪያው ክዳን ተነሥቶለት የመጣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ለጥቂት ቀናት እንደ ነብር ሲዘል ይሰነብትና በድንገት ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀጥ የሚለው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። ጥያቄው የዕውቀት ጥማት ብቻ አይደለም። ሞተር በተጣበቀ ቁጥር የጥገናው ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጥበት ጋራዥ አለ። ከዚያም የከፋው፣ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ በቅጽበት የተያዙበት ነጂ ከመሪው በላይ ተወርውሮ የሚወድቅ መሆኑ ነው። በመሆኑም የጂግለርን አመራረጥ ከመሠረቱ ማየት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለምሳሌ የወሰድነው ያማሃ ባንሺ 350ን ነው። ይህ ሞተርሳይክል እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ የቀረበ ሲሆን በአሜሪካ የተሸጠው እስከ 2006 ሞዴል ድረስ ነው። በባሕረ ሰላጤው አሸዋ ላይ ግን ዛሬም ይሮጣል። ሞተሩ 347 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የሆነ 26 ሚሊሜትር ሚኩኒ ካርቡራተር አለው። ፋብሪካው የሚገጥምለት ዋና ጂግለር ቁጥሩ 200፣ የዝቅተኛ ፍጥነት ጂግለሩ ደግሞ 25 ነው። ጂግለር የምንለው መካከሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን መሆኑን ለአዲስ አንባቢ እናስታውሳለን። ቤንዚኑ የሚለካው በዚህች ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን ከሥሩ በተለየ ማጠራቀሚያ ይይዛል። ቤንዚን ቢያንሰው ኀይሉ ይቀንሳል፣ ይሞቃል፤ ዘይቱ ግን አይቋረጥበትም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ይህ ዕድል የለውም። ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የባንሺ መመሪያ 24 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ይላል፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 42 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ማለት ነው። እንግዲህ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም አንሶታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ቤንዚኑ በሚተንበት ጊዜ ፒስቶኑን ያቀዘቅዝ ነበር፤ ይህም ቅዝቃዜ ይጐድላል። ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው፤ የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ፒስቶኑ ሲያብጥ በሁለቱ መካከል የነበረው የፀጉር ያህል ክፍተት ይጠፋል፤ ዘይቱም የለም፤ ስለዚህ ይነክሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቤንዚን ያነሰበት ድብልቅ፣ ከዚህ በኋላ የሳሳ ድብልቅ እንለዋለን፣ መጀመሪያ ላይ ክፉ ምልክት አያሳይም። እንዲያውም ሞተሩ ቀልጠፍ ይላል፣ ድምፁም ይጠራል። ወፍራም ድብልቅ ግን ሞተሩን ያንተባትበዋል፣ ጢስ ያበዛል፣ ካንዴላ ያረጥባል፤ ሆኖም አይገድለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚያንተባትበውን እንደ በሽተኛ፣ የሚፈጥነውን እንደ ጤነኛ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው።

ማሻሻያው ድብልቁን የሚያሳሳው ለምንድን ነው? ተራው መልስ «አየር ስለሚጨምር» የሚል ነው፤ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። አየር በካርቡራተሩ ጠባብ አንገት ውስጥ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ቤንዚኑን ከጂግለሩ የሚስበው ይህ የግፊት ልዩነት ስለሆነ አየር ሲጨምር ቤንዚኑም ይጨምራል። ታዲያ ጂግለር መለወጥ ለምን ያስፈልጋል? ምሥጢሩ በማጣሪያው ሣጥን ላይ ነው። የባንሺ ካርቡራተር የቤንዚን ጐድጓዳ በቀጭን ቱቦ አማካይነት ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል፤ የካርቡራተሩ አፍ ግን የሚተነፍሰው ከሣጥኑ ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲኖር በሣጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ትንሽ ያንሳል፤ ያ ልዩነት ቤንዚኑን ወደ ላይ በመግፋት ያግዛል። ክዳኑ ሲነሣ እገዛው ይቀራል። አየሩ በሰፊው ይገባል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አይከተለውም።

ማርሚታው ሌላ ጉዳይ ነው። የባለ ሁለት ምት ሞተር ሆዳም ማርሚታ ጢስ ማስወጫ ብቻ አይደለም፤ የድምፅ ሞገድን መልሶ በመላክ ወደ ውጭ ያመለጠውን ትኩስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። ይህን ጥበብ ለከፍተኛ ደረጃ ያበቃው በምሥራቅ ጀርመን የኤም ዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ካደን ነው፤ በ1961 የእርሱ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት ነጂው ኤርንስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ኮበለለና ዕውቀቱን ወደ ሱዙኪ ወሰደው፤ በ1962ም ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የዛሬው የጃፓን ባለ ሁለት ምት ሞተር ሁሉ ለዚያ የምሥራቅ ጀርመን ጋራዥ ባለዕዳ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ አዲስ ማርሚታ ሞተሩ በደንብ የሚተነፍስበትን የዙር መጠን ወደ ላይ ያዛውረዋል። ቤንዚን የሚጐድለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ፣ ነጂው እጁን እስከ መጨረሻው ባጠፈበት ሰዓት ነው።

ካርቡራተር አንድ መሣሪያ ቢመስልም በውስጡ በየተራ የሚሠሩ ክፍሎች አሉት። ጋዝ ሳይሰጥ ጀምሮ እስከ ሩብ ድረስ የሚያዘው የዝቅተኛ ፍጥነት ጂግለሩና ከጐኑ ያለው የአየር ብሎን ነው። ከዚያ እስከ ግማሽ ባለው ክልል የተንሸራታቹ ሥር የተቆረጠበት ቁመት ይሠራል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነካም። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌው፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ዋናው ጂግለር ያዛል። ስለዚህ «ሞተሩ ይንተባተባል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ቀዳሚው ጥያቄ «እጅህ የት ላይ ሳለ?» የሚለው ነው። በጋዝ መስጫው ላይ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛውን በፕላስተር ምልክት አድርጎ መንዳት ከብዙ ግምት ያድናል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ሞተሩ ከማይገባው ቦታ አየር የማይስብ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ይህን ያላረጋገጠ ሰው ጂግለር ሲቀያይር ቢውል ድካሙ ከንቱ ነው። የካርቡራተሩ ጎማ ሲሰነጠቅ ወይም በኮሎው ጫፍና ጫፍ ያሉት ጎማዎች ሲያረጁ አየር በስርቆት ይገባል። ጋዝ ሲለቀቅ የሞተሩ ዙር ቶሎ የማይወርድና አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ የሚቆይ ከሆነ ይህን መጠርጠር ይገባል። ትክክለኛው ምርመራ መግቢያውንና መውጫውን ደፍኖ 0.4 ባር ያህል ግፊት በመስጠት ለ6 ደቂቃ ሳይወርድ መቆየቱን ማየት ነው።

ይህ ከታለፈ በኋላ ሞተሩን በደንብ አሙቆ የአየር ብሎኑን ከመጨረሻው ጥብቅ አንድ ዙር ተኩል ያህል መፍታት፣ ከዚያም ዙሩ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ መፈለግ ነው። ይህ ብሎን አየር እንጂ ቤንዚን እንደማይለካ አይዘንጋ፤ ማጥበቅ ድብልቁን ያወፍራል፣ መፍታት ያሳሳል። ጥሩው ቦታ ከአንድ ዙር በታች ከተገኘ የዝቅተኛ ፍጥነት ጂግለሩ ትንሽ ነው፤ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ከሆነ ትልቅ ነው። በመርፌው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይገለበጥበታል። መያዣዋን ቀለበት ወደ ታችኛው ጐድጓድ ማውረድ መርፌውን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል።

ዋናው ጂግለር የሚመረጠው ከትልቁ ወደ ትንሹ በመውረድ ነው፤ ከትንሹ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቀው ፒስቶን ካቃጠለ በኋላ ሊሆን ይችላል። ማርሚታ የተለወጠለትና ክዳኑ የተነሣለት ባንሺ ብዙ ጊዜ ከ260 በላይ ይፈልጋል፤ በ300 ጀምሮ ዐሥር ዐሥር እያሉ መውረድ ይቻላል። ከጓደኛ ሞተር ላይ ቁጥር መገልበጥ ግን አይበጅም። አንዳንድ ፋብሪካ ጂግለርን በሚያሳልፈው ፈሳሽ መጠን፣ ሌላው በቀዳዳው ስፋት ስለሚቆጥር ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሥራው ሊለያይ ይችላል።

ምስክሩ ካንዴላው ነው። አዲስ ካንዴላ ተገጥሞ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በረዥምና ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ይሰጣል። ከዚያም ጋዙ ሳይለቀቅ በማጥፊያው አጥፍቶ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይዞ መቆም ነው። ቀስ ብሎ እየነዱ ወደ ጋራዥ ተመልሶ የተፈታ ካንዴላ የሚነግረን የመመለሻውን መንገድ ብቻ ነው። የሸክላው ሥር ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ነጭ ከሆነ ሳስቷል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወፍሯል። በሸክላው ላይ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ከታየ ፒስቶኑ መቅለጥ ጀምሯልና ሌላ ሙከራ ሳይደረግ ሞተሩ ይከፈት። የዛሬው እርሳስ አልባ ቤንዚን ቀለም የሚያሳየው ዘግይቶ ስለሆነ በአንድ ሩጫ መፍረድ አይገባም። ሁለቱም ካንዴላዎች ይታዩ፤ አንዱ ቡናማ ሌላው ነጭ ከሆነ ነገሩ የጂግለር ሳይሆን የአየር ስርቆት ወይም የተደፈነ መተላለፊያ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ሞተሩን ለመጠበቅ በማሰብ ዘይት ይጨምራሉ። ዘይት በጨመረ ቁጥር በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳልና የዘይት መጠን የለወጠ ሰው ካንዴላውን እንደገና ያንብብ።

በመጨረሻም የአየሩን ነገር እናንሣ፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በነሐሴ ቀትር በ45 ዲግሪ ሙቀት በልኩ የተስተካከለ ሞተር በጥር ማለዳ በ10 ዲግሪ ሲነሣ አየሩ 12 ከመቶ ያህል ይበልጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ካርቡራተሩ ግማሹን ራሱ ያካክሳል፤ 6 ከመቶ የሚሆነው ግን ይጐድላል። በ280 ጂግለር ላይ ይህ ሁለት ደረጃ ገደማ ነው። ሙቀት ይገድላል ብሎ በበጋ የሚጠነቀቅ ነጂ በብርዱ ወቅት ይዘናጋል፤ አደጋው ግን በብርዱ ነው።

ከፍታም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ እዚህ የተስተካከለ ሞተር እዚያ ወፍሮ ይንተባተባል እንጂ አይጣበቅም። ይህን ሙያ ይዘው ወደ አገር ለመመለስ የሚያስቡ ወንድሞች ተቃራኒውን ያስቡ፦ አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባለ ሁለት ምት ሞተር ጂግለሩ መንገድ ከመጀመሩ በፊት መጨመር አለበት። የጂግለሮቹን ቁጥር፣ የመርፌውን ደረጃ፣ የዘይቱን መጠንና የዕለቱን ሙቀት በወረቀት ጽፎ ከመቀመጫው ሥር ማሰር ለሚቀጥለው ሠራተኛ ይጠቅመዋል።