ለሰላምታ የሚበቃው እንግሊዝኛ ለፈተና አይበቃም



በማታ ትምህርታችን ከሚማሩት ልጆች አንዷ፣ እንግዳ ሲመጣ አስተርጓሚያችን ናት። በእንግሊዝኛ ትቀበላለች፤ ታስጎበኛለች፤ ታጫውታለች። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ የመጀመሪያውን የጂኦግራፊ ፈተና ስትወስድ ግን ወደቀች። ወረቀቱን ይዛ መጥታ፣ «መልሱን እኮ አውቀው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያልገባት ጥያቄው ነበር። የዛሬውን ትምህርት የጻፍኩት በእርሷ ምክንያት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ ሳይንስን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲማር የቆየ ልጅ፣ አንድ ክረምት አልፎ ሲመለስ ያንኑ ትምህርት በእንግሊዝኛ ያገኘዋል።

ጂም ከሚንስ የተባሉ የካናዳ የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 የዕለት ተዕለት ንግግር ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዱ። ወደ ካናዳ የገቡ ልጆች ለንግግር ሁለት ዓመት ገደማ ሲበቃቸው፣ በትምህርት ቋንቋ እኩዮቻቸውን ለመድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ባለማወቄ በከንቱ ደክሜአለሁ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እያወጣሁ በገጹ ዳር እጽፍ ነበር። ዳሩ በእርሳስ ይሞላል፤ «ገጹ ምን ይላል?» ብባል ግን መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በሦስት ነጥብ አቀርባለሁ።

1. የጥያቄውን ግሥ መለየት። «ዴስክራይብ» ሲል ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ግለጽ ማለት ነው፤ «ኤክስፕሌይን» ሲል ምክንያቱን አስረዳ፤ «ኮምፔር» ሲል ሁለቱን አስተያይ ማለት ነው። ዓባይ ከጣና ተነሥቶ በየት በየት እንደሚያልፍ መናገር የመጀመሪያው ነው። በክረምት ለምን እንደሚሞላ ማስረዳት ሁለተኛው ነው። ዓባይ ድንበር ተሻግሮ ሲሄድ አዋሽ በአፋር ምድር መቅረቱን ማሳየት ሦስተኛው ነው። ልጅቷ ምክንያት ስትጠየቅ የወንዞችን ስም ዘርዝራ ነበር።

2. ቃላትን በቤተሰብ መያዝ። አቨሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 በልዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይተው አወጡ። እነዚህ በትምህርት ጽሑፎች ከሚገኙት ቃላት አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። «አናላይዝ»ን የሚያጠና ተማሪ «አናሊሲስ»ንም አብሮ ይያዝ። በቀን ሦስት ቤተሰብ ቢያጠና 190 ቀን ይበቃዋል።

3. አስቀድሞ በራስ ቋንቋ መረዳት። ተማሪው አንድ አንቀጽ አንብቦ መጽሐፉን ይዝጋና ሐሳቡን በአፍ መፍቻው ቋንቋ ለጓደኛው ይንገር። መናገር ካቃተው ገና አልገባውምና እንደገና ያንብብ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ሐሳብ በሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፍ። የእናት ቋንቋ መሰላል ነው እንጂ እንቅፋት አይደለም።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ብዙዎቻችሁ መጻሕፍት ትልካላችሁ፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ተማሪን በፈተና ዋዜማ ለከፍተኛ ትምህርት ማዘጋጀት አይቻልም። ስለዚህ የምንለምናችሁ ከአንዱ ልጅ ጋር ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንድትዘልቁ ነው። እንግሊዝኛ የምታውቁም በሳምንት አንድ ማታ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስሙት። ስሕተቱን ለማረም አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ያቺ ልጅ ዛሬ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ግሥ ሥር መስመር ታሰምራለች። ሁለተኛውን የጂኦግራፊ ፈተና አልፋለች። ባዮሎጂ ግን ገና ይከብዳታል፤ እኛም ከእርሷ ጋር ገና መንገድ ላይ ነን።

ለመወያያ፦
ሀ) በአካባቢያችሁ እንግሊዝኛ እየተናገሩ በፈተና የሚወድቁ ልጆች አሉን? ምክንያቱን አብራችሁ መርምሩ።
ለ) ከመካከላችሁ በሳምንት አንድ ማታ ሊሰጥ የሚችል ማን ነው?