ከሰገነት በታች ያለውን ስፍራ ከዝናብ ስለ መጠበቅ

በሐዋሳ መሃል ከተማ ጎዳና ዳር ከቆሙት ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ምድር ቤታቸው ሱቅ ወይም መጋዘን ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ወንበርና ጠረጴዛ የሚዘረጋበት ሰገነት ነው። ይህ ሰገነት ለቡና ጠጪው መናፈሻ ነው፤ ከሥሩ ለተቀመጠው ነጋዴ ግን ጣራ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመነጨውም ባለቤቱ የመናፈሻውን ውበት ብቻ አስቦ፣ የጣራነቱን ግዴታ በመርሳቱ ነው። ሰገነቱ ሲያፈስ ስኳር ይሟሟል፣ ሲሚንቶ በከረጢቱ ውስጥ ይጠነክራል፣ ቡና ይሻግታል፣ ጣቃው ሁሉ ነጥብ ይይዛል። የአንድ ክረምት የዕቃ ጉዳት ሰገነቱን ከመነሻው በሚገባ ለማሠራት ከሚበቃው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል።

የውኃው መጠን ቀላል አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በሐዋሳ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል በሚዘንብበት ጊዜ፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሰገነት 90,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ወይ በተዘጋጀለት መንገድ ይወጣል፣ ወይም ራሱ መንገድ ይፈልጋል።

ቤቶን ጠንካራ ስለ ሆነ ውኃ አያሳልፍም ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ሶሌታው ቀን በፀሐይ ግሎ ይለጠጣል፣ ሌሊት ቀዝቅዞ ይሸበሸባል፤ ከተማዋም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለ ሆነች መሬቱ አልፎ አልፎ ይነቃነቃል። ስለዚህ ቀጫጭን ስንጥቆች መፈጠራቸው አይቀርም። በላዩ የሚነጠፈው ሊሾም ሆነ ሴራሚክ ውኃውን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም፤ በሴራሚኩ መጋጠሚያ የገባው ውኃ ከሥሩ ተኝቶ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ እግረ መንገዱንም በሶሌታው ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

ፈሳሹ በታየ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኩለው የሱቁን ኮርኒስ ከታች ለመቀባት፣ ወይም በሰገነቱ ላይ ሬንጅ ለማፍሰስ ነው። የፊተኛው እድፉን ይሸፍናል፣ ውኃውን አያስቀርም። የሁለተኛውን ጉዳት ለመረዳት የላሊበላን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጣራዎች ውኃ እንዳያስገቡ በሬንጅ ተቀብተው ነበር፤ ነገር ግን እርጥበቱ በድንጋዩ ውስጥ ታፍኖ ጉዳቱ ስለ ቀጠለ፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ ጥገና ያ ቅብ እንዲነሣ ተደረገ። እርጥብ በሆነ ነገር ላይ ክዳን መድፋት ውኃውን እንደ መቆለፍ ነው።

ትክክለኛው ሥራ ከተዳፋት ይጀምራል። ሊሾው ለእያንዳንዱ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር እየወረደ ወደ ውኃ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ሊሾው በሚገባ ከደረቀ በኋላ ውኃ የማያሳልፈው ሽፋን ይነጠፋል፤ ሴራሚኩ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሽፋኑ በግድግዳው ግርጌ ቆሞ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መውጣት ይገባዋል፤ ፈሳሹ በአብዛኛው የሚጀምረው ከመካከል ሳይሆን ከጠርዝ፣ ከበር ደፍ፣ ከአጥር ብረት እግርና ከውኃ መውረጃው አፍ ነውና። የመውረጃው ቀዳዳ አንድ ብቻ ከሆነ፣ አንድ የዛፍ ቅጠል ሰገነቱን ኩሬ ያደርገዋል፤ ዛፍ በሞላባት ሐዋሳ ደግሞ ቅጠል አይጠፋም። ስለዚህ ሁለተኛ መውጫ ያስፈልጋል።

ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ አቁሞ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ከታች መጠበቅ የተለመደ ፈተና ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ሶሌታው ይህን መሸከሙን አስቀድሞ መሐንዲስ ይጠየቅ። ከዚህ ፈተና በፊት ለሠራተኛው የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ከእጁ ያወጣው ያለ ዋስትና ነው።

በሐይቁ አቅጣጫ እንደሚታዩት ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠሩና በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ያላቸው መድረኮች ግን ሌላ ዘዴ ይሻሉ። የእነዚህ ላይኛው ገጽ ሊታሸግ አይችልም፤ ስለዚህ ውኃው በጣውላው መካከል እንዲያልፍ ተፈቅዶለት ከሥር ይያዛል። ከተሸካሚዎቹ በታች ቆርቆሮ ወይም ላሜራ ከቤቱ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ይታሰራል፤ ጫፉም በአሸንዳ ላይ ያርፋል። በቤቱ ግድግዳ በኩል ላሜራው ወደ ላይ ታጥፎ ካልተሸሸገ፣ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በጣውላውና በቆርቆሮው መካከል አየር ካልተላለፈ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ቆርቆሮውም ለጽዳት የሚነሣ ቢሆን መልካም ነው። እንዲህ ከተደረገ ከሥሩ ያለው ስፍራ በክረምትም ጠረጴዛ ይዘረጋበታል።

ለአስመጪውና ለቸርቻሪው ደግሞ ይህ ነገር የሒሳብ ጉዳይም ነው። የሬንጅ ሽፋን በተለመደው አኳኋን አንድ ሜትር ወርድና አሥር ሜትር ርዝመት ባለው ጥቅል ይሸጣል። ነገር ግን ጎኑ በ10፣ ጫፉ በ15 ሳንቲ ሜትር ስለሚደራረብ፣ አንዱ ጥቅል የሚሸፍነው ዘጠኝ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለ100 ካሬ ሜትር ሰገነት አሥር ጥቅል የሸጠ ነጋዴ ደንበኛውን ከሥራው መካከል ያስቆመዋል፤ ለወለሉ ብቻ 12 ያስፈልጋል፤ በግድግዳው ላይ የሚወጣው ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያርፍበትና ድንጋያማ ብናኝ የለበሰው ዓይነት፣ ሴራሚክ ከሚለብሰው ልሙጥ ዓይነት የተለየ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መሸጥ አይገባም። ጥቅሎቹ በመጋዘን ከፀሐይ ተከልለው ቆመው ይቀመጡ፤ ተጋድመው ከተከመሩ ይጨፈለቃሉ።

በአከራይና በተከራይ መካከል ስለሚነሣው ክርክርም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራዩ ያከራየውን ነገር ለአገልግሎቱ ተስማሚ አድርጎ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ተዋዋዮቹ ግን በውላቸው ውስጥ ዝርዝሩን መወሰን ይችላሉ። ብዙ የኪራይ ውሎች ስለ ኪራዩ መጠን ብቻ ይናገራሉ፤ የላይኛውን ሰገነት የሚጠርገውና የሚያስጠግነው ማን እንደ ሆነ፣ ዕቃ ቢበላሽ ማን እንደሚክስ አይጽፉም። ሱቅ የሚከራይ ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ወደ ሰገነቱ ወጥቶ መውረጃውን ይመልከት፤ ፈሳሽ ባየ ጊዜም ቀኑን ጽፎ ለአከራዩ በደብዳቤ ያስታውቅ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ያስቀር። ይህ ሁሉ ከየካቲት መጨረሻ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ በመጋቢት ዝናቡ ሲጀምር እርጥብ ሶሌታ ላይ ሽፋን መለጠፍ አይቻልምና።